መብራት ሲጠፋ የማይከዳችሁ የእጅ ባትሪ እንዴት ይመረጣል

የሥራ ጠረጴዛዬ ሥር አንድ ካርቶን አለ። ውስጡ 11 የሞቱ የእጅ ባትሪዎች አሉ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ስለምጠግን ዘመድም ጎረቤትም «እስቲ እየው» እያለ ያመጣልኛል። የዳኑትን መልሻለሁ። ካርቶኑ ውስጥ የቀሩት እምቢ ያሉት ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ በአንድ ፈታታኋቸው። ምን እንደገደላቸው ማወቅ ፈልጌ ነው። አራቱ ድንጋያቸው ፈስሶባቸው ውስጣቸው ተበልቷል። ሦስቱ ቻርጅ ሳይደረጉ ወራት ተቀምጠው ባትሪያቸው ደርቋል። የሁለቱ ማብሪያ ማጥፊያ ተበላሽቷል። የአንዱ የቻርጅ መሰኪያ ተነቅሏል። የአንዱ ደግሞ ቀጭን ሽቦ ከብየዳው ለቋል። አምፖሉ የተቃጠለ አንድም አላገኘሁም።

ሰው የእጅ ባትሪ ሲገዛ የሚያየው ብርሃኑን ነው። አብርቶ ግድግዳ ላይ ያያል፣ ደስ ይለዋል፣ ይገዛል። ብርሃኑ ግን ብዙም አይከዳም። የዛሬ ኤልኢዲ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ካገኘ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሰዓት ያበራል። የሚከዳው ኃይሉን የሚይዘውና የሚያስተላልፈው ክፍል ነው። ስለዚህ እኔ ስመርጥ ከኋላ ወደ ፊት ነው የምሄደው። መጀመሪያ ድንጋዩን አያለሁ፣ ከዚያ ማብሪያውን። ብርሃኑ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ፈስሶባቸው ከሞቱት አራቱ አንዱ የእናቴ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ዓይኗም ደክሟል። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሽንት ቤት ልትሄድ ተነሳች። መሳቢያዋን ከፍታ የእጅ ባትሪዋን አወጣች። ተጫነችው፣ አልበራም። ደግማ ተጫነችው። ግድግዳ እየዳበሰች ስትሄድ የበሩ ደፍ ጠለፋት። የእጇ አንጓ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየች። ባትሪውን የሰጠኋት እኔ ነበርኩ። ድንጋዩ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ በመሃል ማናችንም ከፍተን አላየነውም። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ሰው ሲጠይቀኝ በአጭሩ መመለስ አልችልም።

ድንጋዩ

ተራውን አልካላይን ድንጋይ ሁሉም ያውቀዋል። 1.5 ቮልት ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ እንደታሸገ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። ጣጣው የሚመጣው ዕቃ ውስጥ ገብቶ ሲረሳ ነው። ድንጋዩ እያለቀ ሲሄድ ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ መዝጊያውን ይገፋዋል። በመጨረሻ መዝጊያው ይለቅና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይወጣል። ፈሳሹ ሞላውን ይበላዋል፣ ሲደርቅም ነጭ ዱቄት ይሆናል። የእጅ ባትሪው ገላ የአሉሚኒየም ቱቦ ከሆነ ድንጋዩ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ከእናቴ ባትሪ ውስጥ ድንጋዩን ለማውጣት አንድ ሰዓት ታግያለሁ፤ አልወጣም።

ገና የጀመረ ከሆነ ግን ይድናል። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ። ጥጥ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ነክራችሁ ነጩን ነገር ጥረጉት። ፈሳሹ ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ የኮምጣጤው ወይም የሎሚው አሲድ ኃይሉን ይሰብረዋል። ከዚያ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ አጽዱና በደንብ አድርቁት። ሞላው ቀለሙ ብቻ ከተቀየረ ሥራውን ይቀጥላል። ከሳሳ ወይም ከተቆረጠ ግን ለአደጋ ጊዜ አትተማመኑበት።

አልካላይን የምትጠቀሙ ከሆነ አዲስና አሮጌ ድንጋይ አደራ አትቀላቅሉ። ጠንካራው ደካማውን እስከ ጥግ ያደርቀዋል፣ የሚያፈሰውም ያ ደካማው ነው። አንዱ ሲያልቅ ሁሉንም ቀይሩ።

መሳቢያ ውስጥ ለሚቀመጥ የእጅ ባትሪ እኔ የምመርጠው ሊቲየም የሆነውን 1.5 ቮልት ድንጋይ ነው። መጠኑ ከተራው ጋር አንድ ነው፣ እጅ ላይ ግን ቀለል ይላል። ማሸጊያው ላይ «ሊቲየም» ተብሎ ይጻፋል። ዋጋው ይወደዳል፣ ቻርጅም አይደረግም። ነገር ግን ሳይነካ 20 ዓመት ይቀመጣል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ብርድና ሙቀት ይችላል። እንደ አልካላይን የማፍሰስ ጠባይም የለውም። የእናቴ አዲሱ ባትሪ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድባችሁ ከሆነ ግን ድንጋይ እየገዙ መጣል አያዋጣም። እዚህ ላይ 18650 የሚባለው ሊቲየም አዮን ባትሪ ይሻላል። ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚናገረው፤ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። ከእሱ ከፍ የሚለው 21700 ነው፣ 21 በ70 ማለት ነው። አንድ ጥሩ 18650 የያዘው ኃይል ከአራት ትንንሽ አልካላይን ድንጋዮች ጋር ይቀራረባል። ቻርጅ እየተደረገ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ያገለግላል።

ማጭበርበር የበዛውም እዚህ ላይ ነው። አንድ 18650 ላይ «9,900 ሚሊአምፒር ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ውሸት ነው። ቁጥሩ ባትሪው ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ የሚናገር ነው፤ ደህናዎቹ የሚይዙት ከ2,500 እስከ 3,600 ገደማ ነው። 21700 ከሆነ 5,000 አካባቢ ይደርሳል። የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ መዝኑት። እውነተኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። በጣም ከቀለለ ውስጡ ባዶ ቦታ ወይም ያረጀ ትንሽ ባትሪ አለ ማለት ነው። ባትሪ ላይ የዋሸ ሰው የእጅ ባትሪው ላይም እንደዋሸ ነው የምቆጥረው። ሌላውን ጽሑፍ ማንበቤን እተወዋለሁ።

ባትሪው ተፈትቶ የሚወጣ ይሁን። ይህን በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። የሚሞላ ባትሪ ሁሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል። የሚወጣ ከሆነ ባትሪውን ብቻ ትቀይራላችሁ። የታሸገ ከሆነ ሙሉ ዕቃውን ትጥላላችሁ። በዚያ ላይ መብራት ለረጅም ሰዓት ቢጠፋ አንድ የተሞላ ትርፍ ባትሪ መቀየር ትችላላችሁ። ትርፉን ግን ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ አትክተቱት። ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ እሳት ሊነሳ ይችላል። የራሱ የፕላስቲክ መያዣ ይኑረው። ያበጠ፣ ልባሱ የተቀደደ ወይም የተጨረመተ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ እንዳታደርጉ።

ቻርጅ ሳይደረጉ የሞቱት ሦስቱ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ውስጣቸው ሊድ አሲድ (እንደ መኪና ባትሪ ያለ) ባትሪ ያለባቸው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰኩ ትልልቅ መብራቶች ናቸው። እነዚህ ባዶ ሆነው ሲቀመጡ ውስጣቸው ያሉት ሰሌዳዎች በሰልፌት ይሸፈኑና ኃይል መቀበል ያቆማሉ። እንዲህ ያለ ካላችሁ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ሳታሳድሩ ሙሉት። አዲስ ልትገዙ ከሆነ ግን እለፉት።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የቻርጅ መሰኪያው ታይፕ ሲ ቢሆንም፣ አንዳንድ የእጅ ባትሪዎች በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ አይሞሉም። ውስጣቸው መኖር የነበረባቸው ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ስለተተዉ ነው። «ተበላሽቶ መጣ» ብለው አምጥተውልኝ በሌላ ገመድ የሠራ አለ። አብሮት የመጣውን ገመድ አትጣሉት።

ማብሪያ ማጥፊያው

ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና ባትሪውን ያዙት። ፊቱና ጀርባው በዳሰሳ ይለያል? ማብሪያውን አውራ ጣታችሁ ሳይፈልግ ያገኘዋል? አሁን በግራ እጃችሁ ሞክሩት። እንቅልፍ ላይ ሆናችሁ፣ በጨለማ፣ ልጅ እያለቀሰ የምትፈልጉት ዕቃ ስለሆነ ፈተናው ይገባዋል።

ከዚያ አብርታችሁ ነቅንቁት። መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት። ብልጭ ድርግም ካለ ውስጡ የላላ ነገር አለ፤ መልሱት። የጀርባ መክደኛውን ፈትታችሁ ጥርሱን እዩ። ሳይንቋቋ፣ ሳይያዝ መዞር አለበት። አንገቱ ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት ካለ ውኃ እንዳይገባ ታስቦበታል ማለት ነው። ውስጡ ያለው ሞላ ወፍራምና ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ይሁን።

አንዳንድ የእጅ ባትሪ ለመብራት አራት አምስት ጊዜ መጫን ይፈልጋል። አንዴ ኃይለኛ፣ አንዴ ደካማ፣ አንዴ ብልጭልጭ፣ አንዴ ደግሞ የእርዳታ ምልክት ይሆናል። ለቤት ይህ አይመችም። እኔ የምፈልገው አንድ ጭነት ያብራ፣ ሌላ ጭነት ያጥፋ ነው። ብልጭልጩ ካለም ሆን ብዬ ካልፈለግሁት በስተቀር አይምጣ። እናቴን አምስት ዓይነት አጫጫን ላስተምራት አልችልም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእኔም አይታወሰኝም።

በጎን በኩል ለስላሳ የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ያለው ከሆነ ጠፍቶም ቢሆን ጥቂት ኃይል ይበላል። በደህናዎቹ ላይ እዚህ ግባ አይባልም፣ በርካሾቹ ላይ ግን በወራት ውስጥ ባትሪውን ያደርቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የጀርባ መክደኛውን ሩብ ዙር አላሉት። በአብዛኞቹ ላይ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ቦርሳ ውስጥም ሳይታወቅ አይበራም። ሲፈለግ መልሶ ማጥበቅ ነው። ለእናቴ ግን ይህን አላደረግኩም፤ ለእሷ ከኋላው ጠቅ የሚል ተራ ማብሪያ ያለው ነው የገዛሁት።

ብርሃኑ

ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ሉመን ነው። ከባትሪው የሚወጣው ጠቅላላ የብርሃን መጠን ማለት ነው። አንድ ሻማ 12 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ያንን ይዛችሁ አስቡት። ኮሪደር ለማለፍ ከ5 እስከ 10 ሉመን ይበቃል። ለማንበብ ወይም እጅ ላይ ያለ ሥራ ለመሥራት ከ30 እስከ 50 ደህና ነው። ባትሪውን በጀርባው አቁማችሁ ነጭ ጣሪያ ላይ ብታበሩት 150 ሉመን መካከለኛ ክፍልን ያዳርሳል። ስለዚህ ጀርባው ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቆም ቢሆን እመርጣለሁ። ይህ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲቀመጥ በጣም ይጠቅማል፣ የማንንም ዓይን አይወጋም።

ትልቁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። 1,000 ሉመን የሚል ትንሽ የእጅ ባትሪ ቶሎ ይግላል። ራሱን ከሙቀት ለማዳን ብርሃኑን ይቀንሳል። ዓይናችንም ቢሆን እጥፍ ብርሃንን እጥፍ አድርጎ አያየውም። እጥፍ የደመቀ እንዲመስለን ብርሃኑ አራት እጥፍ ያህል መጨመር አለበት። ከ500 ወደ 600 ሉመን ለመሄድ ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ።

ጥንቁቅ አምራቾች ኤፍኤል1 በተባለው መለኪያ ነው ቁጥራቸውን የሚጽፉት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። አንድ ነገሩን ግን ልብ በሉ። «ይህን ያህል ሰዓት ያበራል» የሚለው ቁጥር የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። «8 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከስምንቱ አብዛኛው በደካማ ብርሃን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ በ50 ሉመን ስንት ሰዓት ይቆያል? መካከለኛና ዝቅተኛ ደረጃው ላይ ያለው ሰዓት ካልተጻፈ ሌላ አያለሁ። ሌሊት ሙሉ የሚያሻግራችሁ ዝቅተኛው ደረጃ ነው።

በዚሁ መለኪያ መሠረት መውደቅን ይችላል ለመባል ቢያንስ ከ1 ሜትር ከፍታ ኮንክሪት ላይ ወድቆ መሥራት አለበት። ለውኃ ደግሞ አይፒኤክስ4 ማለት ፍንጣቂ ይችላል፣ አይፒኤክስ7 ማለት 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል ነው። ለቤት አይፒኤክስ4 ይበቃል። ዝናብ ላይ የምትወጡ ከሆነ ሁለተኛውን ያዙ።

የብርሃኑን ቀለም ብዙ ሰው አያየውም። ቀለሙ በኬልቪን ይጻፋል፤ 6,500 ኬልቪን ነጭ ሰማያዊ ነው። ደማቅ ይመስላል፣ ዓይን ግን ያደክማል። እኔ ከ4,000 እስከ 5,000 ያለውን እወዳለሁ። የመድኃኒት ጽሑፍ ለማንበብና ሽቦ በቀለሙ ለመለየት ይሻላል።

ኮሽታ ሲሰማ

ለጥበቃ የሚያስፈልገው ሌላ ቁጥር ነው፤ ካንዴላ ይባላል። ብርሃኑ አንድ አቅጣጫ ላይ ምን ያህል እንደተሰበሰበ የሚናገር ነው። 2,500 ካንዴላ 100 ሜትር፣ 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር ይደርሳል ይባላል። «ይደርሳል» የሚባለው ግን እዚያ ርቀት ላይ የሙሉ ጨረቃ ያህል ብርሃን ሲኖር ነው። በዚያ ብርሃን ሰው መኖሩን ታዩ ይሆናል፣ ማን እንደሆነ ግን አትለዩም። ስለዚህ የተጻፈውን ርቀት በግማሽ ቁረጡት። ለአንድ ግቢ ወይም ለደረጃ መውጫ ከ3,000 እስከ 10,000 ካንዴላ ያለው ከበቂ በላይ ነው። እጅግ ጠባብ ጨረር ያለውን አትግዙ። ሩቅ ያለውን ያሳያችኋል፣ እግራችሁ ሥር ያለውን ግን አያሳያችሁም።

ውጭ ኮሽ ሲል ብዙዎቻችን መብራት አብርተን ወደ መስኮት እንሮጣለን። ተቃራኒውን አድርጉ። ቤት ውስጥ ብርሃን ካለ መስታወቱ ራሳችሁን ነው የሚያሳያችሁ፤ ውጭ ያለው ግን እናንተን በደንብ ያያችኋል። የውስጡን አጥፉ። የባትሪውን ፊት ከመስታወቱ ጋር አጣብቁትና ከዚያ አብሩት። ብርሃኑ ወደ ዓይናችሁ አይመለስም። ባትሪውን ከፊታችሁ ፊት ለፊት አትያዙት፤ ወደ ጎን ዘርጉት። ብርሃኑን የሚያይ ሰው እናንተ ያላችሁበትን ቦታ በትክክል አያውቅም።

የእጅ ባትሪ ለማየት ነው። ማን እንዳለ አይታችሁ በር ቆልፋችሁ ለሚመለከተው ትደውላላችሁ። ለዚህም ነው የስልክን መብራት ለእነዚህ ሌሊቶች የማልመክረው። ስልኩ ለመደወል መትረፍ አለበት። ብልጭልጭ ብርሃን ሌባ ያደናግራል የሚለውንም አትመኑበት። እናንተንም ያደናግራችኋል፣ የሚጥል ሕመም ያለበትን ሰው ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። ኃይለኛ ብርሃን ለልጆች መጫወቻ አትስጡ፤ ዓይን ውስጥ ቀጥታ ማብራት አደገኛ ነው።

አንድ ብቻ አይበቃም። ያለኝን ገንዘብ ሁለት መካከለኛ ላይ አካፍዬ ባወጣው እመርጣለሁ። አንዱ በ18650 የሚሠራ፣ ለግቢም ለቤትም የሚሆን ነው። ሌላው በተራ መጠን ድንጋይ የሚሠራ፣ ሊቲየሙ ገብቶበት የሚጠብቅ ነው። ሦስተኛ ከቻላችሁ ግንባር ላይ የሚታሰረውን ጨምሩ። ሕፃን ስታቅፉ ወይም ፊውዝ ስታዩ ሁለቱም እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ሻማ እኔ ቤት ከቆመ ቆይቷል። ሰው እንቅልፍ ሲጥለው ሻማው እንደበራ ይቀራል።

ቦታው ቋሚ ይሁን፤ ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ እዚያው መልሱት። እኔ ጀርባው ላይ በጨለማ የሚያበራ ትንሽ ተለጣፊ እለጥፋለሁ። በወሩ የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም አበራለሁ፣ ነቀነቃለሁ፣ መክደኛቸውን ከፍቼ አያለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ድንጋዩ ላይ የገባበትን ቀን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። የሚሞላውን በየሦስት ወሩ እሞላዋለሁ። ከምድጃና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ሙቀት ሊቲየም አዮን ባትሪን ያስረጀዋል።

ገዝታችሁ በገባችሁበት ምሽት ደግሞ ይህን አድርጉ። ቤተሰቡን ንገሩና የቤቱን መብራት ሁሉ አጥፉ። እያንዳንዱ ሰው ካለበት ተነስቶ ባትሪውን ያግኝ፣ ያብራ፣ ሽንት ቤት ደርሶ ይመለስ። የጎደለው ያኔ ነው የሚታየው። እናቴ ስትሞክረው ባትሪው ከአልጋዋ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቁጭ ካላለች እጇ አይደርስም፤ የተሰበረው እጇ ደግሞ ሲደገፉበት አሁንም ያማታል። ምስማሩን ነቅዬ አንድ ክንድ ዝቅ አድርጌ መታሁላት። አሁን ተኝታ ትደርስበታለች።